ሶፋ ውስጥ የቀረ ትምህርት

ሶፋ አዳሹን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ለምን» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሰው የተቀደደ ሶፋ ሲያመጣለት እንደ ሌላው ባለሙያ ጨርቁን ዳበስ አድርጎ «ማክሰኞ ብቅ በል» ብሎ አይሸኝም። መጀመሪያ ይቀመጥበታል። ከዚያ ተነሥቶ ይንበረከካል፣ ከሥሩ አጮልቆ ያያል፣ ቀጥሎ ይጀምራል። «ይሄ በግራ በኩል ብቻ ለምን ሰመጠ? እዚህ ጋ የሚቀመጠው ማን ነው? ሁልጊዜ ለምን እዚህ ጋ?» አንድ ጊዜ እንዲህ ሲጠይቅ ሚስት ቀና ብላ ባሏን አየችው፣ ባል ጣሪያውን አየ፣ ሶፋውም ሳይታደስ ተጭኖ ተመለሰ። ነገሩ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረው የለም። እሱም እስከ ዛሬ ይጠይቃል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል ገምቱት። ያውም አስተማሪ ልሁን የምትል ልጅ።

ልጅቷ እንግሊዝኛ ለማስተማር ተምራ ጨርሳለች። ዕውቀት አይጎድላትም። የሚጎድላት ያልጠበቀችውን ጥያቄ መቻል ነው። ባለፈው አንድ ትምህርት ቤት የሙከራ ትምህርት አስተምሪ ብሏት፣ ወረቀቷን ይዛ ገብታ እንደ ውሃ ስታንቆረቁረው ቆየች። በመሃል ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። የጠየቀችው ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች፣ ከዚያ «ከርዕስ አትውጪ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እናሳውቅሻለን» ብለው ሸኟት። እስካሁን ያሳወቃት የለም።

አሁን ሌላ ትምህርት ቤት ለቅዳሜ ጠዋት ቀጥሯታል። ርዕሱን ራሳቸው ሰጥተዋታል፤ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች በአሠራራቸው ስንት ዓይነት እንደሆኑ። ወረቀት ይዞ መግባት ክልክል ነው። የዘንድሮ ቅጥር በዚህ ይዘጋል። ይሄ ካመለጣት የአክስቷ ሱቅ ገብታ ሽቶ ልትሸጥ ቃል ገብታለች። ችግሩ፣ ሽቶ ያስነጥሳታል።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አባቷ ወርክሾፕ ውስጥ ስትለማመድ ከረመች። ወርክሾፑ ማለት የቤታቸው ምድር ቤት ነው። ባንድ ጥግ ስፖንጅ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ በሌላው እናቷ የሶፋ ልብስ የምትሰፋበት መኪና አለ። መሃል ላይ ጨርቁ የተገፈፈ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ቆሟል፤ ንብረትነቱ የሰፈሩ የጥርስ ሐኪም ነው። የሶፋው ጀርባ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ሰሌዳ ይወጣዋል፤ ጠመኔ ደግሞ ጨርቅ ለማስመር የተገዛ ሞልቷል። እና ልጅቷ እዚያ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። ተማሪዎቿም ሦስት ናቸው። አባቷ፣ እናቷ፣ እና ገዢ ያጣ ሶፋ ላይ የሚተኛው የእናቷ ወንድም። ይሄ አጎት «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ከመጣ ስንት ዓመቱ፤ ስሙ ግን ዛሬም «እንግዳው» ነው።

«ዓረፍተ ነገር በአሠራሩ አራት ዓይነት ነው» ብላ ጀመረች በመጀመሪያው ቀን። «አንደኛው ነጠላ ነው። አንድ አድራጊ፣ አንድ ድርጊት።» ጻፈችና አነበበችው። «ዘ ዶግ ስሌፕት። ውሻው ተኛ።»

«የማን ውሻ ነው?» አለ ጋሽ ለምን።

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ቀጥይ።»

«ሁለተኛው ድርብ ነው። ለየብቻቸው መቆም የሚችሉ ሁለት ነጠላዎች ባንድ ማያያዣ ይታሰራሉ። ዘ ዶግ ስሌፕት፣ ኤንድ ዘ ካት ኤት። ውሻው ተኛ፣ ድመቷም በላች።»

«ምን በላች?»

«የፈለገችውን ትብላ!»

«የፈለገችውን የምትበላ ድመት እዚህ ሰፈር አላየሁም» አለ እንግዳው ከተጋደመበት።

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ሦስተኛው ውስብስብ ነው። አንዱ ራሱን የቻለ፣ ሌላው ጥገኛ። ዌን ዘ ዶግ ስሌፕት፣ ዘ ካት ኤት። ውሻው ሲተኛ፣ ድመቷ በላች። ‹ውሻው ሲተኛ› ብዬ ዝም ብል ትጠብቁኛላችሁ አይደል? ብቻውን አይቆምማ። የሚኖረው ሌላውን ተደግፎ ነው።»

እናት መኪናዋን አቁማ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰማህ?»

«እኔ እኮ ሥራ እንዳገኘሁ…» አለ እንግዳው።

«ይኸው! ይኸው ጥገኛ!» ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «‹እንዳገኘሁ› ብሎ አቆመ!»

«ይሄ ሰውዬ ከመጣ ጀምሮ ዋናውን መቼ ሰምተን እናውቃለን» አለች እናት፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

አራተኛው ድርብም ውስብስብም የሆነው ነው፤ ሁለት የቆሙ፣ ቢያንስ አንድ የተደገፈ። ውሻው ሲተኛ ድመቷ በላች፣ አይጧም ቆማ ተመለከተች። እናት እዚህ ላይ ለአይጧ አዘነች፤ ጋሽ ለምን ግን ቅንድቡን ሰብስቦ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ልጅቷ ልትፈትናቸው ብላ አንድ ሌላ ጻፈች። ዘ ኦልድ ብላክ ዶግ ኦፍ ዘ ዴንቲስት ስሌፕት አንደር ዘ ሎንግ ግሪን ሶፋ። የጥርስ ሐኪሙ ጥቁር አሮጌ ውሻ ከረጅሙ አረንጓዴ ሶፋ ሥር ተኛ።

«ይሄስ ምን ዓይነት ነው?»

ጋሽ ለምን ተነሣ። ከኪሱ ሜትሩን መዝዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋው። «ይሄማ ከመደገፊያ እስከ መደገፊያ ነው! ውስብስብ ነው። እንዲያውም አራተኛው ነው።»

«በምን አወቅክ?»

«ለካሁታ!»

ልጅቷ በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም። ከጎኑ ቆመች። «አባዬ፣ በሜትር አይለካም። ስንት አድራጊ አለ?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ውሻው… ሐኪሙ አለ። ግን ሐኪሙ ምንም አላደረገም። ውሻው ብቻ።»

«ስንት ድርጊት?»

«መተኛት። ሌላ የለም።»

«እና?»

«ነጠላ!» ብሎ ጮኸ፣ ያጣውን መርፌ ከስፖንጅ ውስጥ ያገኘ ይመስል። «እንዲህ ተንዘላዝሎ ነጠላ! ያ ‹ውሻው ሲተኛ ድመቷ በላች› ደግሞ በጣት የምትለካ ሆና ውስብስብ! ወይ ጉድ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ለምን መንገድ ሲሄድ ጆሮው ሥራ ያዘ። ዳቦ ሻጩ ነጠላ ሆኖ አገኘው፤ «አለቀ» ይላል፣ በቃ። ማዶ ያለችው ልብስ አጣቢ ድርብ ናት፤ «እና» ብላ «እና» ትቀጥላለች፣ መሸ ካላሏት አታቆምም። ሚስቱን ሲያዳምጣት በቁጣ ጊዜ ነጠላ፣ በፍቅር ጊዜ ውስብስብ ሆና አገኛት። ይሄንን ሲነግራት ነጠላ መለሰችለት።

ሐሙስ ከሰዓት ግን ነገር ተበላሸ። ልጅቷ ጥገኛው ከፊትም ከኋላም ሊመጣ እንደሚችል እያሳየች ነበር። በእንግሊዝኛ «ውሻው ሲተኛ ድመቷ በላች» ማለት ይቻላል፤ «ድመቷ በላች፣ ውሻው ሲተኛ» ማለትም ይቻላል። ጋሽ ለምን መዶሻውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ። እኛ ‹ውሻው ሲተኛ› ብለን ስንጀምር ዋናው ገና ነው፤ ሰሚው ወደደም ጠላ ይጠብቃል። እነሱ ዋናውን መጀመሪያ ዱብ ካደረጉት፣ ድመቷ መብላቷን ሰሚው ከሰማ በኋላ ለምን ይቀመጣል? ለምን ተነሥቶ አይሄድም?»

ልጅቷ ጠመኔውን ጨበጠች። ፊቷ ቀላ። «እሱ መጽሐፉ ላይ የለም።»

«የለም ግን ለምን…»

«የለም አልኩህ! እዚያም እንዲህ አድርገው ነው ያዋረዱኝ! ከነገ ወዲያ እፈተናለሁ፣ አንተ ደግሞ ለምን፣ ለምን፣ ለምን!» ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

እንግዳው እንኳ ተነሥቶ ተቀመጠ።

ጋሽ ለምን የተሰበረውን ጠመኔ ለቅሞ መዳፏ ላይ አኖረላት። «በቃ፣ እስክትቀጠሪ ድረስ አንድም ጥያቄ ከአፌ አይወጣም። ይኸው፣ እናትሽ ምስክር ናት።»

«ዝም አይነቅዝም» አለች እናት። «አንተ ግን በሁለት ቀን ትነቅዛለህ።»

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ የሐኪሙን ሶፋ ጀርባ ሙልጭ አድርጋ ጠርጋ፣ የነገውን ትምህርት ከዳር እስከ ዳር ጻፈችበት። የትኛው ዓረፍተ ነገር ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ፣ የት ቆም እንደምትል፣ የት እንደምታስቃቸው፣ ሁሉንም በቀስት አያይዛ። ወረቀት አልፈለገችም፤ ወረቀት ከያዝኩ አነባለሁ እንጂ አላስተምርም ትላለች። ከሰዓት በኋላ እያየሁ አጠናዋለሁ ብላ የነገ ልብሷን ልትተኩስ ወደ ላይ ወጣች።

ጋሽ ለምን ከሶፋው ጋር ብቻውን ቀረ። አፉ ቢታሰርም ሆዱ አልታሰረም። ለምን ይቀመጣል? ዋናውን ሰምቶ ለምን ይቀመጣል? እንዲህ እያለ አረንጓዴውን ጨርቅ አነሣ። እጁ ይህን ሥራ ከሚያስታውሰው በፊት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማንንም አያማክርም። ጨርቁን ወጠረ፣ ጠርዙን አጠፈ፣ ስቴፕለሩን አነሣ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ምናልባት ጨዋ ስለሆኑ ይሆን? ጠቅ። ጨዋ ያልሆነውስ? ጠቅ፣ ጠቅ። የሐኪሙ ፒካፕ በር ላይ ጡሩንባውን ሲነፋ እንግዳውን ጠርቶ ሶፋውን አብረው ጫኑት። እንግዳው ያን ቀን ሥራ የሠራው ያኔ ብቻ ነው፤ የሚያሳዝነው፣ ያኔም ባይሠራ ይሻል ነበር።

ልጅቷ የተኮሰችውን ቀሚስ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወረደች። ወለሉ ላይ አራት የሶፋ እግር ያረፈበት ምልክት ብቻ አለ።

«አባዬ… ትምህርቴስ?»

ጋሽ ለምን ምልክቱን አየ። ስቴፕለሩን አየ። ቀስ ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አለበስኩት» አለ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። አብዛኛውን እናት ናት የተናገረችው፣ ሁሉም ነጠላ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና አባትና ልጅ ፒካፑን ተከትለው ሮጡ። የሐኪሙ ክሊኒክ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ነው። ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ሶፋው ከመስኮቱ ሥር ቦታውን ይዟል። ይባስ ብሎ ሁለት ሰው ተቀምጦበታል፤ ጉንጩ እንደ ኳስ ያበጠ የታክሲ ሹፌር፣ እና ሰው ሠራሽ ጥርሷን በመሐረብ ጠቅልላ የያዘች አንዲት አሮጊት።

«ጥርስ ነው?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«ሶፋ ነው» አለ ጋሽ ለምን።

አሮጊቷንና ሹፌሩን በይቅርታ አስነሥቶ፣ ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ፣ በካቻቢቴና በፒንሳ የጀርባውን የስቴፕለር ሽቦ ይነቅል ጀመር። ልጅቷ አጠገቡ ተንበርክካለች። ጨርቁ ሲገለጥ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

ጨርቁ ሲወጠር ጠመኔውን ጠርጎታል። ያ ሁሉ ቀስት፣ ያ ሁሉ መስመር ነጭ ደመና ሆኗል። ከግራ ጥግ «ዌን ዘ ዶግ» የሚል ይነበባል። መሃል ላይ አንድ «ኤንድ» ከወዲህም ከወዲያም የሚያያይዘው አጥቶ ቀርቷል። ከታች «ዘ ካት» አለ። ሌላው የለም።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «በቃ» አለች በቀስታ። «ሽቶ ልሽጥ።»

ጋሽ ለምን ሊያጽናናት ጎንበስ አለ። የሚያውቀው ማጽናኛ ሁሉ በ«ለምን» ይጀምራል፤ «ለምን ታለቅሻለሽ፣ ለምን ተስፋ ትቆርጫለሽ»። ምላሱን ነከሰ።

«ምንድን ነው የተጻፈው?» አለ ሹፌሩ፣ ጉንጩን ደግፎ ጎንበስ እያለ።

«‹ውሻው ሲ› ነው የሚለው» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

«ሲ ምን? ሲሮጥ?»

«ሲተኛ። ጠፍቷል።»

«ሲተኛስ ምን ሆነ?»

«ድመቷ በላች።»

«ይሄኔ ሥጋ ነው» አለ ሹፌሩ በእርግጠኝነት። «ውሻ እስኪተኛ የተጠበቀ ነገር ሥጋ ካልሆነ ምን ይሆናል?»

«ዓሣም ሊሆን ይችላል» አለች አሮጊቷ፤ ጥርሷን ስላወለቀች «ዓሣ»ው በንፋስ ወጣ። «ግን የኔ ልጅ፣ ያቺ መሃል ላይ ብቻዋን የቆመችው ምንድን ናት?»

«‹ኤንድ› ናት፣ እማማ። ማያያዣ ናት። ሁለት ሙሉ ነገር የምታስር።»

«ታዲያ የምታስረውን ስጫት እንጂ፣ ታሳዝናለች።»

ልጅቷ ሳታስበው ኪሷን ዳበሰች። የሐሙሱ ስባሪ ጠመኔ እዚያው ነበር። «ኤንድ»ን ከግራና ከቀኝ አለበሰቻት። ሹፌሩ እሱም አንድ ይጻፍልኝ አለ። «ጥርሴ ያመኛል፣ ዶክተሩም አይጠራኝም።» ልጅቷ በእንግሊዝኛ አድርጋ ጻፈችለት፣ ድርብ መሆኑን ነገረችው። «እንግዲያው ውስብስብ አድርጊልኝ» አለ። «ዶክተሩ ስለማይጠራኝ ጥርሴ ያመኛል» ስትለው እጁን አወናጨፈ። «እንዲህማ ከሆነ ጥፋቱ የዶክተሩ ሆነ እኮ! ቅድም ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም።»

«አዎ!» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ ፈካ ብሎ። «ልዩነቱ እሱ ነው። ድርቡ ያስቀምጣቸዋል፤ ውስብስቡ አንዱ ለአንዱ ምኑ እንደሆነ ይናገራል። ምክንያቱ ነው? ጊዜው ነው? ቅድመ ሁኔታው ነው?» ይሄንን ከየት እንዳመጣችው ለራሷም ገረማት፤ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አልነበረም።

ጋሽ ለምን ካቻቢቴውን እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማል። በሩ ተከፍቶ ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ብቅ አለ። «ቀጣይ!» ወደ በሩ የሄደ የለም።

«ዶክተር፣ አንዴ ይታገሡን» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ እሷም ጠረጴዛዋን ትታ መጥታ። «ድመቷን እንጨርስ።»

ልጅቷ ጥገኛውን ከፊት ወደ ኋላ ማዞር እንደሚቻል ስታሳያቸው ነው አሮጊቷ እጇን ያነሣችው፣ ከነመሐረቡ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ድመቷ መብላቷን አስቀድመሽ ከነገርሽኝ፣ የውሻውን መተኛት ቁጭ ብዬ የምሰማው ለምንድን ነው?»

ጋሽ ለምን ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «እኔ አይደለሁም! በልጄ እምላለሁ፣ አልነገርኳቸውም!»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ፊቷ እንደ ሐሙሱ ቀላ፣ አፏ ተከፈተ። ጋሽ ለምን ያቺን «ከርዕስ አትውጪ»ን ጠበቀ፤ አንገቱን ሰበረ። አሮጊቷ ግን ጥርስ በሌለው አፏ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ጊዜ አላት፤ ተራዋ ገና ነው።

«አላውቅም፣ እማማ» አለች ልጅቷ።

ምንም አልፈረሰም። ሹፌሩ ጉንጩን እንደደገፈ ነው፣ ሐኪሙም በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

«አላውቅም» አለች ደግማ፣ አሁን ቃሉን እንደማጣጣም እያለች። «እስቲ አብረን እንየው። እናንተ ዋናውን መቼ ነው የምታስቀድሙት?»

«እኔ ስቸኩል» አለ ሹፌሩ። «ረዳቴ ‹ቁም!› ነው የሚለኝ፤ ‹ልጅ እየሮጠ ስለሆነ› ብሎ ቢጀምርልኝ አልፌ ሄጃለሁ።»

«ሰው እንዳይደነግጥ ሲሆን ግን ዋናው ወደ ኋላ ነው» አለች አሮጊቷ።

«እኔም እንደዚያው» አለ ሐኪሙ ከበሩ። «‹ይነቀላል› ብዬ ብጀምር ወንበሩ ላይ ማን ይቀርልኛል? ‹ሥሩ ስለተበላ፣ መሙላትም ስለማይቻል› እያልኩ ነው የማደርሰው።»

ሹፌሩ ይሄን ሲሰማ ተራውን ለአሮጊቷ ለቀቀ።

ጋሽ ለምን ሁሉንም ሰማ። ጥሩ መልሶች ናቸው፤ መቼ እንደሚቀድም ተናገሩ። ሰሚው ለምን እንደሚቀመጥ ግን አልተናገሩም። ሊጠይቅ አፉ ድረስ መጣና ዋጠው፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ። ልጁ ከሶፋው ጀርባ ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ፣ ከሰው ጋር ስትከራከርና ስትስቅ እንጂ ትምህርቷን ስትፈልግ አልነበረም። ሲጨርሱ ጨርቁን መልሶ ወጠረ። የሹፌሩን ጥርስ፣ የሐኪሙን ጥፋትና የድመቷን ዓሣ አብሮ አለበሳቸው። ልጅቷ ቆማ አየችው እንጂ አታልብሰው አላለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ለምን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ሜትሩን ይዘረጋል፣ ያጥፋል። በመጨረሻ ልጅቷ በትንሿ በር ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«ክፍሉ ውስጥ ስገባ…» አለችና መንገድ ጀመረች።

«እ?»

«‹እ› ጥያቄ ነው፣ አባዬ። ምለሃል።»

አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ክፍሉ ውስጥ ስገባ፣ ወረቀት ሳልይዝ ሰሌዳው ጋ ስቆም፣ አንዷ ተማሪ ገና በሁለተኛው ላይ እጇን አውጥታ ድመቷ ምን እንደበላች ስትጠይቀኝ፣ ሳልጮህ፣ ‹አላውቅም፣ አንቺ ጨርሺው› ብዬ ጠመኔውን ሳቀብላት…»

ጋሽ ለምንን ላብ አጠመቀው።

«…ከኋላ የተቀመጡት መምህራን እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ደወሉ ተደውሎም ልጆቹ አንነሣም ሲሉ፣ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ስታስጠራኝ፣ መነጽሯን አውልቃ ስታየኝ…»

«ልጄ፣ በፈጠረሽ! ዋናውን አምጪው!»

«ሰኞ ጀምሪ አለችኝ።»

ጋሽ ለምን መንገዱ መሃል ቆመ። የኋላው ሰው ገጨው፣ ይቅርታ ጠየቀው፣ እሱ ግን ሰውየውን አቅፎ ሳመው። ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ቤት ሲደርሱ እናት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። በዚህ ጊዜ ልጅቷ አላንጠለጠለችም። ከበሩ ሳታልፍ «ተቀጠርኩ!» አለች።

ዋናው ተነገረ፤ አለቀ። እናት ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ እንባዋን በሶፋ ጨርቅ ጠረገች። እንግዳው ከሶፋው ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ጋሽ ለምን በሩ ላይ ሆኖ ያያል። እናት በርጩማዋን በእግሯ ስባ ከልጇ ፊት አስጠጋችና ተደላድላ ተቀመጠች።

«በይ አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ስትገቢ ምን አሉሽ? ማን ጠየቀሽ? ለምን እንዲህ ቆየሽ?»

«እኔም ልስማ» ብሎ እንግዳው ስፖንጅ ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ጋሽ ለምን ሚስቱን አየ፣ እንግዳውን አየ። ሁለቱም ዋናውን ሰምተዋል። ተነሥቶ የሄደ የለም። ብቻውን መሳቅ ጀመረ።

«ምን ያስቅሃል አንተ ሰውዬ?»

«ተይው፣ ልጅቷ ታውራ» አለና አልፎ ገባ። ከአጥሩ እስከ ቤት ድረስ አንድ ጊዜ የሰማውን ታሪክ ሊሰማ ቦታ ፈለገ። መሐላውም አብቅቷል። «እኔ ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ያቺ ተማሪ ጠመኔውን ስትሰጫት ድመቷ ምን በላች አለች?»

«ተቀመጥ፣ እነግርሃለሁ» አለች ልጁ።

ተቀመጠ።